ሦስት እልልታ፣ ሰማንያ ቀን

እህቴ ማርገዟን የነገረኝ ሰው የለም። በገዛ ዓይኔ ነው ያየሁት፣ ኮልፌ ፌርማታ ላይ አውቶቡስ ስጠብቅ። ከእናቴ ጋር ከገበያ ይመለሱ ነበር። እናቴ ከሩቅ እንዳየችኝ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ ወደ ሽንኩርት ሻጮቹ ዞረች፤ ዘንቢሏ በሽንኩርት ሞልቶ እያለ። እህቴ ግን ቀረት አለችና አጠገቤ ቆመች። ሆዷ ገፍቷል። እኔም እንደ ሞኝ ሰላምታውን ትቼ፣ "መቼ ነው?" አልኳት።

"ኅዳር መጨረሻ አካባቢ። የመጀመሪያዬ ስለሆነ ለመውለድ እማዬ ጋ መጥቻለሁ።" ዓይኗን ከእናታችን ጀርባ ላይ ሳትነቅል ቶሎ ቶሎ ታወራለች። "ስሚኝ፤ አራስ ቤት ሳለሁ እንዳትመጪ። ከደጅ ትመልስሻለች፣ እኔም ተኝቼ ምንም ማድረግ አልችልም። ለክርስትናው ነይ። በክርስትና ቀን እንኳን ልጇን የማታውቀውንም ሰው ከደጅ አትመልስም። አንዴ ከገባሽ ገባሽ ነው።"

"እውነትሽን ነው?"

"በር በሩን እያየሁ እጠብቅሻለሁ" አለችኝና ሆዷን ደግፋ ሄደች።

የእናቴን ቤት ከተከለከልኩ ያን ጊዜ ዓመት ከሁለት ወር ሆኖኛል። ጥፋቴ ጴንጤ መሆኔ ነው። ቤታችን ከቀራንዮ መድኃኔዓለም ቁልቁል ነው፤ እናቴም ኪዳን ሳታደርስ እህል የማትቀምስ ሴት ናት። እኔ ደግሞ በሃያ ሦስት ዓመቴ ከእምነቴ ይልቅ ምላሴ የረዘመ ነበርኩ። ቀስ ብሎ የሚነገረውን ነገር በፍልሰታ ጾም መካከል፣ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ጠብቄ፣ በሩ ላይ ነገርኳት። አልጮኸችም። ሻንጣዬን አውጥታ ግቢው በር ላይ አስቀመጠችና "ይህን ደጃፍ ሁለተኛ እንዳትረግጪ" አለች። እኔም "አልረግጥም" አልኩ። መልስ መስጠት መቼም አያቅተኝም።

ርቄ እንኳ አልሄድኩም። ከወንዙ ማዶ በኮልፌ በኩል አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ደጄ ላይ ስቆም የእናቴ ቤት ቆርቆሮ ከባሕር ዛፎቹ መካከል ይታየኛል። በእግር አስር ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ለእነሱ ብዬ ከቤት የወጣሁላቸው የእምነት ወገኖቼም ብዙ አልቆዩልኝም። አንዲት ክፍል ውስጥ መስኮት ዘግተን በሹክሹክታ የምንዘምር ዘጠኝ ሰዎች ነበርን፤ ሁለቱ ተይዘው ሲወሰዱ ሌሎቻችን መገናኘት ፈራን፤ መንገድ ላይ ስንተያይ እንኳ የማንተዋወቅ መስለን እንተላለፍ ጀመር። ስለዚህ ወዲያም የለኝ፣ ወዲህም የለኝ። ብቸኛ ነበርኩ። ብቸኝነቱ የሚብሰው ደግሞ እሑድ ነው፤ ሰው ሁሉ የሚሄድበት አለው፣ እኔ ደጄ ላይ ተቀምጬ ቆርቆሮ አያለሁ።

ፌርማታው ላይ ከእህቴ ጋር ከተለያየን በኋላ አንድ ነገር ያዘኝ። ባዶ እጄን አልገባም። ለሕፃኑ አባ ጨጓሬ እሠራለሁ።

አባ ጨጓሬ ያልነው እኛ ነን። ሰባተኛ ክፍል ሳለን የባልትና አስተማሪያችን በእጇ የሠራችውን የሕፃን ብርድ ልብስ አምጥታ አሳየችን። "ሸኒል ይባላል" አለች። ፀጉሩ ብን ያለ፣ መስመር መስመር ሠርቶ የተኛ፣ እጅ ሲያርፍበት የሚሰምጥ ነገር ነው። ከኋላ ወንበር አንዷ "አባ ጨጓሬ!" ብላ ጮኸች፣ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፣ ስሙም በዚያው ቀረ። አሠራሩን ግን አልረሳሁትም። ጨርቅ በጨርቅ ላይ ይነባበራል። ንብርብሩ በጠባብ በጠባቡ በመስመር ይሰፋል። ከዚያ በሁለት ስፌት መካከል መቀስ እየገባ የላይ የላዩ ይቆረጣል፤ የታችኛው ጨርቅ ብቻ አይነካም። እዚህ ላይ ያየው ሰው አይጥ የበላው ጨርቅ ይመስለዋል። የሚያምረው ሲታጠብ ነው። የተቆረጠው ጠርዝ በውሃና በእጅ ሲታሽ ይበተንና ፀጉር ያወጣል፤ በታጠበ ቁጥርም እየለሰለሰ ይሄዳል።

ለታችኛው የሚሆን አቡጄዲ ከቀበሌ ሱቅ ተሰልፌ አገኘሁ። ለላይኛው ለስላሳ ጥጥ ያስፈልጋል፣ ለስላሳ ጥጥ ደግሞ በዚያ ሰሞን ከኮልፌ ጠፍቷል። እኔ የምሠራበት የልብስ ስፌት ማኅበር ለጦሩ ነው የሚሰፋው፤ ካኪ ሱሪ፣ ካኪ ኮት፣ ካኪ ቆብ። ብጣሹም ካኪ ነው። አንድ ቀን ብጣሹን አገላብጬ አየሁና፣ ይህ ልጅ ካኪ ለመልበስ ገና ጊዜ አለው ብዬ መለስኩት።

ሻንጣዬ ውስጥ ግን አንድ ነጠላ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስጨርስ እናቴ የሰጠችኝ ነው። ጥጡን ራሷ ዳምጣ፣ ራሷ ነድፋ፣ ራሷ ፈትላ፣ ለሸማኔ ሰጥታ ያሠራችው። ደማቅ ጥለት ስለማትወድ ጥለቱ ጠባብ አረንጓዴ ነው። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ የምለብሰው እሱን ነበር። ከቤት ከወጣሁ ወዲህ አልዘረጋሁትም፤ እየዳሰስኩ መልሼ አጥፌ አስቀምጠዋለሁ እንጂ። አሁንም ዳሰስኩትና መልሼ አስቀመጥኩት። ሌላ ጨርቅ ይገኛል ብዬ ተስፋ አደረግሁ።

ኅዳር ሊያልቅ ሲል ካኪው ሳይመጣ ቀርቶ ማኅበራችን ሥራ ፈታ። ረቡዕ ነበር። ረፋዱ ላይ ደጄ ቁጭ ብዬ ልብስ ሳጥብ ከወንዙ ማዶ እልልታ መጣ። እጄን ከሳፋው አወጣሁ። ድምፁ የሚመጣው ከእናቴ ቤት በኩል ነው፤ ሌላ ሊሆን አይችልም።

አንድ።

ሁለት።

ሦስት።

ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት ነው። ትንፋሼን ይዤ አራተኛውን ጠበቅሁ። ውሻ ጮኸ፣ የሆነ ሰው እንጨት ፈለጠ፣ አራተኛው አልመጣም። ሳሙናው ክንዴ ላይ ደረቀ።

"ሴት ናት" አልኩት ለሳፋው። የምነግረው ሌላ ሰው አልነበረም።

ቆይቼም አለቀስኩ። ከደስታም ነው፣ ከብቸኝነትም ነው፤ የቱ እንደሚበልጥ አልለየሁም። ከሁለት ቀን በፊት ከዚያው ሰፈር የለቅሶ ድምፅ ሰምቼ ስለነበር፣ በለቅሶው ፋንታ እልልታ መምጣቱም ደስ አሰኝቶኛል። ለቅሶው የማን እንደሆነ አላጣራሁም። በዚያ ዘመን መርዶ ከየቤቱ ይሰማ ስለነበር ሁሉን ማጣራት አይቻልም።

ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ፣ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ነው ክርስትና የምትነሳው። ቆጠርኩ፤ ሰማንያኛው ቀን የካቲት ውስጥ ዓርብ ላይ ይውላል። ሰማንያ ቀን ለብርድ ልብስ ሰፊ ጊዜ ነው። አከራዬ የቀራንዮን ወሬ ሁሉ የምታውቅ ሴት ናት፤ ጠጋ ብዬ ብጠይቃት ኖሮ በአንድ ቃል ትነግረኝ ነበር። ግን "የገዛ እናትሽ ቤት ሲወለድ አልሰማሽም እንዴ?" እንድትለኝ አልፈለግሁም። ኩራት ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ጆሮዬን አምኜ ቀረሁ።

ሌላ ጨርቅም አልተገኘም። አንድ ቀን ነጠላውን በፌስታል ይዤ ሥራ ሄድኩና በምሳ ሰዓት የመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት። ቆራጫችን ዕድሜያቸው የገፋ ሰው ናቸው፤ ጋሼ እንላቸዋለን። ምሳቸውን ትተው መጡና ጫፉን በሁለት ጣታቸው አሹት።

"የእጅ ፈትል ነው። ልትቆርጪው ነው?"

"አዎ ጋሼ። ለእህቴ ልጅ ነው።"

"የፈተለችው ታውቃለች?"

መቀስ አነሳሁ። እሳቸውም አልደገሙም፤ ነገር ግን ትልቁን መቀስ ከእጄ ወስደው ትንሿን ሰጡኝ። "እንዲህ ያለ ነገር በካኪ መቀስ አይነካም" አሉ።

ሙከራ እንድሠራ የመከሩኝም እሳቸው ናቸው። ከዳር አንድ ቁራጭ ወስጄ ቀጥ አድርጌ ሰፋሁ፣ ቀጥ አድርጌ ቆረጥኩ፣ አጠብኩት። ክሩ ሁሉ ተመዞ ውሃው ውስጥ ቀረና በእጄ ላይ የተረፈው እርቃኑን የወጣ አቡጄዲ ነው። ደንግጬ ወሰድኩላቸው። ሳቁብኝ።

"በሰያፍ ነው እንጂ ልጄ! ቀጥ ካደረግሽው ድሩን ብቻ ነፃ ትለቂዋለሽ፣ ተመዞ ይሄዳል። በሰያፍ ሲሆን ድሩም ማጉም ይቆረጣል፤ አጫጭር ሆነው እርስ በርስ ይያያዛሉ።"

ነጠላ ሁለት እጥፍ ስለሆነ ሁለቱን ንብርብር ከእሱ አገኘሁ። በጠመኔ ሰያፍ መስመር አሰመርኩ፤ በመስመርና በመስመር መካከል ትንሿ ጣቴ ብቻ ታልፋለች። በየቀኑ በምሳ ሰዓት የስፌት መኪናዋ ላይ እየተቀመጥኩ ሰፋሁ። ከአንደኛው ጫፍ አረንጓዴው ጥለት እንዳለ እንዲቀር አደረግሁ፤ እሱን መቁረጥ አልቻልኩም።

ቆረጣውን ግን ለእሑድ እሑድ አስቀመጥኩት። እሑድ የሚሠራ ነገር በማግኘቴ ደስ ብሎኝ ነበር ብል አልዋሽም። ደጄ ላይ ፀሐይ እየሞቅሁ የመጀመሪያዋን መስመር ለመቁረጥ መቀሷን አስገባሁ። አውጥቼ እንደገና አስገባሁ። ከዚያ ቆረጥኩ። የእናቴ ክር ቦታ ቦታ ላይ ይወፍራል፣ ቦታ ቦታ ላይ ይቀጥናል። ስትናደድ ክሯ እንደሚወፍር ከልጅነቴ አውቃለሁ፤ አባቴ በሕይወት ሳለ እንዝርቷን አይቶ ነበር ቤት መግባት አለመግባቱን የሚወስነው። እየቆረጥኩ ወፍራም ወፍራሙን ሳገኝ፣ ይሄኛው በእኔ የመጣ ይሆን እያልኩ አስባለሁ። ወዲያው ደግሞ ያን ጊዜ ገና አላስቀየምኳትም ነበር እላለሁ። እንዲህ ከራሴ ጋር ሳወራ እሑዱ ይመሻል።

ጥር ሲገባ አንድ እሑድ ጠዋት ከማዶ እልልታና ጭብጨባ ሰማሁ። ብዙ እልልታ፣ ተከታትሎ የሚወርድ። ወሩ የሰርግ ወር ነው፤ በየአቅጣጫው ድንኳን ነው። ማን አገባ ይሆን ብዬ ቀና አልኩ፣ ባሕር ዛፉ ጋረደኝ፣ ወደ መቁረጤ ተመለስኩ። ያን ዕለት እንደውም ብዙ መስመር ሠርቻለሁ።

የካቲት ላይ አለቀ። ሦስት ጊዜ አጠብኩት። በመጀመሪያው እጥበት የሞተ በግ ይመስል ነበር። በሁለተኛው ጠጉሩ ተነሳ። በሦስተኛው ፀሐይ ላይ አድርቄ ሳራግፈው ብን ብሎ እጄ ውስጥ አበጠ። ጉንጬን አስደገፍኩት። እንዲህ ያለ ለስላሳ ነገር ከሠራሁ ከደጅ አልመለስም፣ ብዬ አሰብኩ። እውነቱን ለመናገር ሌላ ማሳመኛ አልነበረኝም።

ዓርብ ከሥራ አስፈቅጄ ቀረሁ። እንግዶቹ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ግቢው በሚሞላበት ሰዓት ልድረስ ብዬ ሦስት ሰዓት ላይ ተነሳሁ። ክርስትና ቤት የምትሄድ ሴት ሁሉ ነጠላ ትለብሳለች፤ የእኔ ነጠላ ተጠቅልሎ በክንዴ ሥር ነው ያለው። ወንዙን ተሻግሬ ዳገቱን ወጣሁ። የምለውን እየተለማመድኩ ነው። "እንኳን ማርያም ማረቻት" እላለሁ፤ ይህን ብል እምነቴን አይነካብኝም፣ እሷም ትደሰታለች እያልኩ።

የግቢው በር ገርበብ ብሏል። ገፋ አደረግሁት።

በሩ ላይ የተደረደረ ጫማ የለም። ወንበር አልወጣም። ድምፅ የለም። ዶሮዎች አፈር ይጭራሉ፤ እናቴ ብቻዋን በርጩማ ላይ ደጃፉ ፀሐይ ውስጥ ተቀምጣ ትፈትላለች። ቀና ብላ አየችኝ። አልተነሳችም። ሂጂም አላለች።

"እንደምን አደርሽ እማዬ።"

"እግዚአብሔር ይመስገን" አለች፤ ለእሱ ነው እንጂ ለእኔ አልመለሰችም።

"ገና አልተመለሱም?"

"እነማን?"

"ከክርስትናው ነዋ። የሕፃኗ።"

እንዝርቷ ቆመ። "የቷ ሕፃን?"

"የእህቴ ልጅ። ዛሬ ሰማንያ ቀኗ አይደለም?"

የማሾፍባት መስሏት እንደሆነ ፊቷ ላይ አነበብኩ፤ ቀጥሎ ደግሞ እንዳልሆነ ገባት።

"ወንድ ነው" አለች። "በአርባ ቀኑ ክርስትና ተነስቷል። አባቱ መጥቶ ጎጃም፣ የሚያስተምርበት አገር ይዟቸው ሄደ። ወር አለፋቸው።"

መሬቱ ላይ ቁጭ አልኩ። የጥር ወሩ እሑድ ትዝ አለኝ፤ ማን አገባ ይሆን ብዬ ያለፍኩት እልልታ።

"እህትሽ በር በሩን ስታይ ዋለች። ነገሩን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው፤ እንደጠራችሽ የነገረችኝ። 'ትመጣለች' ትላለች፣ እንግዳ በገባ ቁጥር ብድግ ትላለች። እኔ ነኝ 'ተይው፣ እነሱ የሕፃን ጥምቀት አይቀበሉም፤ ንቃን ነው የቀረችው' ያልኳት። እያለቀሰች ነው የሄደችው።"

"ሦስት ነው የሰማሁት!" አልኩ። ድምፄ የሕፃን ሆኖ ወጣ። "እማዬ፣ ደጄ ላይ ሆኜ ቆጠርኩ። ሦስት ብቻ ነው እልል የተባለው። አራተኛውን ጠበቅሁ፣ አልመጣም። ሴት ናት ብዬ ሰማንያ ቀን ቆጠርኩ።"

እናቴ እንዝርቱን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ወደ ጎረቤት አጥር ዞራ ተመለከተች።

"የጎረቤታችን ልጅ መርዶ ከሰሜን መጥቶ ሦስተኛ ቀኑ ነበር" አለች ዝግ ብላ። "ድንኳኑ እዚህ አጥሩ ሥር ነው የተተከለው። ወንድ ነው ሲሉኝ ደስታው አሳወረኝ፣ እልል አልኩ፣ ሴቶቹም ተቀበሉኝ። ሦስተኛው ላይ ድንኳኑ ታየኝ። ልጇን አፈር ለበላባት እናት ወንድ ወለድን ብሎ ማስጮህ ምን ይባላል? አፌን በእጄ ያዝኩ። ሁሉም ዝም አለ።"

ከክርስትናው ወዲህ አርባ ቀን ሙሉ እኔ ወንዝ ማዶ ቀን ስቆጥር እነሱ ንቀቴን ይቆጥሩ ኖረዋል። ማንም አልበደለኝም። አንድ ሰው ብጠይቅ ኖሮ ያ ልጅ ክንዴ ላይ ተኝቶ አየው ነበር። እህቴን ያስለቀሳት ኩራቴ ነው።

ብርድ ልብሱን ሰጠኋት። የማደርገው ሌላ ነገር አልነበረኝም። ተቀብላ ጭኗ ላይ ዘረጋችው። መጀመሪያ በመዳፏ ሄደችበት፣ ፀጉሩ በጣቶቿ መካከል ወጣ። ከዚያ እጇ ቀስ አለ። ጣቶቿ አንድ ክር ይዘው አሹት፤ ጫፉን አገላበጠች፣ አረንጓዴው ጥለት ላይ ደረሰች።

"ይሄ የእኔ ፈትል ነው።"

"ነው።"

"ቆራረጥሽው።"

"ቆራረጥኩት፣ እማዬ።"

እርግማኑን ጠበቅሁ። ይገባኝም ነበር። እሷ ግን ደግማ ደግማ በእጇ ሄደችበት፣ ወደ ጉንጯም አስጠጋችው።

"እንዴት አድርገሽ ነው እንዲህ ያለሰለስሽው?" አለችኝ። ከተለያየን ወዲህ ስለ እኔ የጠየቀችኝ የመጀመሪያ ጥያቄ ነው። አስረዳኋት፤ ሰያፉን፣ ቆረጣውን፣ እጥበቱን። እንደ ባለሙያ ሰማችኝ። "ጎጃም የሚሄድ ሰው ሲገኝ እልክለታለሁ" አለች። ከአክስትህ ነው ይበሉት፣ ወይም ከዚያች ነው ይበሉት፣ ምንም አልጨመረችም።

ተነስታ ብርድ ልብሱን በክንዷ እንደያዘች ግቢው መካከል ቆመች። እንደገና ወደ ጎረቤት አጥር አየች።

"የልጇም ተዝካር ወጥቷል" አለች ለራሷ።

እናም እልል አለች። አንድ። ዶሮዎቹ ተበተኑ። ሁለት። ልጁ በሌለበት፣ አራሷ በሌለችበት፣ ተቀባይ ሴት በሌለበት ግቢ፣ ያረጀ ድምፅ ብቻውን። እኔ እንድቀበላት አፌን ከፈትኩ፣ ልቅሶ እንጂ እልልታ አልወጣልኝም። ሦስት። አራተኛው ላይ ድምጿ ተሰነጠቀ፣ ቢሆንም እስከ መጨረሻው ወሰደችው። ሰባት ሞላ።

ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ቤት መግባት ጀመረች። ደጃፉ ላይ ስትደርስ ዞር ሳትል፣ "ግቢ እንግዲህ፣ ምን መሬት ላይ ያስቀምጥሻል" አለችኝ። "የክርስትናውን ዳቦ ድርሻሽን አስቀምጬልሽ ነበር። ሲሻግት ነው ለዶሮ የሰጠሁት።"